አራተኛው የአሜባ መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሐኪሞች መልስ

በዚህ ዕትም የሆድ ጥያቄዎችን ሰብስበናል። ደብዳቤዎቹ ከተለያየ ሰፈር ይምጡ እንጂ የሚያጠነጥኑት አንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ክሮንስ እና አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባሉት ሥር የሰደዱ የአንጀት መቆጣት ሕመሞች፣ ሐኪሞች በአንድነት አይቢዲ የሚሏቸው፣ ገና ሲጀምሩ በምን ይታወቃሉ? የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ከአራት ወር ወዲህ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ፤ አንዳንዴ ደምና ንፍጥ አለው። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር «አሜባ ነው» ይሉኛል። መድኃኒቱን ስጨርስ ለሳምንት ያህል ይሻለኝና ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ታክሜያለሁ። አራተኛውን ልግዛ? — ከካዛንቺስ

መልስ፦ አይግዙ፤ በደንብ እስኪመረመሩ ድረስ።

አዲስ አበባ ውስጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ለመጣ ሰው መጀመሪያ አሜባንና ሽጌላን (ደም የሚያስቀምጥ ባክቴሪያ) ማሰብ ስህተት አይደለም። እዚህ አገር እነሱ ከአይቢዲ እጅግ ይበዛሉ። ነገሩ የሚበላሸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ላይ ነው። አንጀትን የወረረ አሜባ በትክክለኛ መጠን ከታከመ (ለአዋቂ ቲኒዳዞል በቀን 2 ግራም ለ3 ቀን፣ ወይም ሜትሮኒዳዞል ከ7 እስከ 10 ቀን) ደሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ መቆም አለበት። ካልቆመ ወይም ቆሞ ወዲያው ከተመለሰ ሦስት ጥያቄዎች ይነሳሉ፦ መድኃኒቱ በመጠኑ ተወስዶ አልቋል? እንደገና ከተበከለ ምግብ ወይም ውኃ ይዞዎት ይሆን? ወይስ መጀመሪያውኑ አሜባ አልነበረም? በእኛ አገር ሦስተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ያልፋል።

«ግን ሳምንት ሙሉ ተሽሎኝ ነበር» ይሉ ይሆናል። አልሰራቲቭ ኮላይቲስም ሆነ ክሮንስ በባሕሪያቸው ያለ መድኃኒትም ጋብ ብለው የሚነሱ ሕመሞች ናቸው። በተጨማሪም ሜትሮኒዳዞል የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስለሚቀንስ ለጊዜው ማስታገሱ አይቀርም። ስለዚህ ለጥቂት ቀን መሻል አሜባ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

የላቦራቶሪው ወረቀት «አሜባ አለ» ማለቱስ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሽታ የሚያመጣው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካና ምንም የማያደርገው ኢንታሜባ ዲስፓር ቁርጥ አንድ ይመስላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይለዩም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ሁለቱ ካልተለዩ ውጤቱ በሁለቱም ስም ተጣምሮ መጻፍ እንዳለበት፣ ምልክት የሌለውም ሰው በዚህ ውጤት ብቻ መታከም እንደሌለበት ገልጿል። ከዚህ በተረፈ ከተቆጣ አንጀት የሚወጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ለቸኮለ ዓይን አሜባ ይመስላሉ። ወረቀትዎን አውጥተው ይዩት። «ሲስት» (የማይንቀሳቀሰው የአሜባ ዕንቁላል መሰል ቅርጽ) ብቻ ከተጻፈ ለደሙ መንስኤ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። «ትሮፎዞይት» (ተንቀሳቃሹ አሜባ) ተብሎ ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ መሆኑ ከተገለጸ ግን ትርጉም አለው። «ብዙ ፐስ ሴል፣ ብዙ አርቢሲ፣ ጥገኛ አልታየም»፣ ማለትም ነጭና ቀይ የደም ሕዋስ እንጂ አሜባ የለም፣ የሚል ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ሌላ መንስኤ ፈልጉ እያለ ነው።

ናሙናውም የራሱ ሥርዓት አለው። ቀጭን ተቅማጥ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ለስላሳ ሰገራ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ተንቀሳቃሹ አሜባ ይሞታል። ቤት ተቀምጦ፣ ታክሲ ተጠብቆ፣ የመስቀል አደባባይን መጨናነቅ አልፎ የመጣ ናሙና ላይ ሕያው አሜባ አይጠበቅም። እዚያው ላቦራቶሪ ይስጡ፤ ሽንትና ውኃ አይቀላቅሉ፤ ደምና ንፍጥ ያለበትን ክፍል ይውሰዱ። በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ቢሆን ይመረጣል፤ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መሆን ደግሞ ግድ ነው። ሜትሮኒዳዞል ከዋጡ በኋላ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ ብዙም አይነግረንም።

ተቅማጥ ከአራት ሳምንት ካለፈ ሥር የሰደደ ይባላል፤ እርስዎ ይህን ድንበር ካለፉ ቆይተዋል። ከዚያ ወዲያ የምንጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ተቅማጡ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? በጭንቀትና በምግብ የሚመጣ የአንጀት መታወክ ሌሊት ተኝቶ ያድራል፤ የተቆጣ አንጀት ግን አያስተኛም። ሽንት ቤት ተቀምጠው ምንም ሳይወጣ ያምጥዎታል? በሦስት ወር ውስጥ ከክብደትዎ 5 በመቶ ቀንሰዋል? 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው። ማታ ማታ መለስተኛ ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ የአፍ ቁስል፣ የዓይን መቅላትና ሕመም፣ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ ቅልጥም ላይ የሚያም ቀይ እብጠት፣ በፊንጢጣ ዙሪያ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ አለ? ሰው ዓይኑን ለዓይን ሐኪም፣ ጉልበቱን ለአጥንት ሐኪም ያሳይና ሆዱን ለማንም አይነግርም። አንድ ወረቀት ላይ ቀን እየጻፉ ሁሉንም ይመዝግቡ፦ ስንት ጊዜ፣ ደም አለው ወይስ የለውም፣ ሌሊት ነው ወይስ ቀን፣ የትኛው መድኃኒት መቼ ተጀምሮ መቼ አለቀ። ይህች ወረቀት ለሐኪሙ ከአሥር የሰገራ ውጤት ትበልጣለች።

በዚህ ሳምንት የሚያስፈልግዎ ትኩስ የሰገራ ምርመራ፣ ከተገኘ የሰገራ ካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ)፣ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ)፣ ሲአርፒ ወይም ኢኤስአር (መቆጣትን በደም የሚለኩ)፣ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን)፣ የኤችአይቪ ምርመራ ነው። ባለፉት ወራት አንቲባዮቲክ ደጋግመው ስለወሰዱ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያም መታየት አለበት። ጣና ዳርቻ ወይም ቢልሃርዚያ ያለበት ሌላ ውኃ ውስጥ ዋኝተው ያውቁ እንደሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ከዚያ ሪፈር አጽፈው ወደ ጨጓራና አንጀት ሐኪም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ ኖሮ የልብ ምት ከ90 ካለፈ፣ ወይም ትኩሳት ከ37.8 በላይ ከሆነ፣ ወይም ሄሞግሎቢን ከ10.5 ከወረደ፣ ወይም ኢኤስአር ከ30 ከበለጠ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሆድ ተነፍቶ ተቅማጡ በድንገት ቢቆምም መሻል አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያሰጋል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ሎፔራማይድን የመሰለ የተቅማጥ ማቆሚያ አይዋጥም፤ ትልቁን አንጀት ነፍቶ እስከመበሳት ሊያደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ተቅማጥ ሲያመላልሰኝ የሰገራ ካልፕሮቴክቲን ታዘዘልኝ፤ ውጤቱ 180 መጣ። ሲአርፒ 4 ነው፤ ሲቢሲ «ደህና ነው» ተብያለሁ። ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። በሽታው አለብኝ ማለት ነው? — ከሜክሲኮ

መልስ፦ ከዚህ ቁጥር ብቻ አለብዎትም፣ የለብዎትም ማለት አይቻልም፤ በዳይክሎፌናክ ላይ የተለካ 180 ደግሞ ከናካቴው ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ካልፕሮቴክቲን ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። የአንጀት ግድግዳ ሲቆጣ ሕዋሳቱ ወደ አንጀት ይፈልሱና ፕሮቲኑ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በአዋቂ ከ50 ማይክሮግራም በግራም በታች ከሆነ አይቢዲ የመኖሩ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ከ250 በላይ ከሆነ መቆጣት አለ፤ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። በመካከል ያለው ሁሉ «ድገመው» የሚባል ክልል ነው። ምርመራው መቆጣት መኖሩን ይናገራል እንጂ ማን እንዳስቆጣው አይናገርም። ሽጌላ፣ አሜባ፣ የአንጀት ቲቢ፣ የአንጀት ካንሰር፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞልም በመጠኑ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ዳይክሎፌናኩን ያቁሙ። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይቻላል። የሰገራ ኢንፌክሽን ካለ ይፈለግ፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይተው ይድገሙት። ሲደግሙ እዚያው ላቦራቶሪ ይሁን፤ የተለያየ ኪት የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ ሜክሲኮ የተሠራን 180 ፒያሳ ከተሠራ 120 ጋር ማወዳደር ያሳስታል። ጠዋት የመጀመሪያውን ሰገራ ይስጡ። ይህ ናሙና እንደ አሜባው አይቸኩልም፤ በክፍል ሙቀት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ምርመራው ሁሉም ቦታ አይሠራምና ከመሄድዎ በፊት ደውለው እዚያው ይሠራ ወይስ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላክ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሲአርፒ 4 መሆኑ ያጽናናል፤ ግን አይደምድሙ። በተለይ ቀላል አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ሲአርፒን ምንም ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል። «ደህና ነው» የተባለውን ሲቢሲ ደግሞ ራስዎ አንብቡት። ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ከ450 ሺህ በላይ ነው? ኤምሲቪ (የቀይ ደም ሕዋስ መጠን) ከ80 በታች ወርዷል? ሄሞግሎቢኑ ካለፈው ዓመት ውጤትዎ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ለከፍታ ይስተካከል የሚል መመሪያ አለ፤ በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን እንደ አንዲስ ተራሮች ሰዎች በከፍታ ብዛት እንደማይጨምር ተመዝግቧል። በዚህ ክርክር መሃል ከሁሉ የሚታመነው የራስዎ የቆየ ውጤት ነው። ሄሞግሎቢኗ 14 የነበረ ሴት ወደ 12.3 ሲወርድባት ወረቀቱ «ኖርማል» ቢልም እኛ እንጠይቃለን። የብረት ክምችትን የሚለካው ፌሪቲንም ያስፈልጋል፤ ከ30 በታች ከሆነ ብረት አልቋል። መቆጣት ካለ ግን ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ስለሚል እስከ 100 ድረስም የብረት እጥረት ሊኖር ይችላል። በነገራችን ላይ ብዙ ክሊኒኮች ያላቸው የሲቢሲ ማሽን ነጭ ሕዋሳትን በሦስት ብቻ የሚከፍል ነው፤ ለትላትልና ለአለርጂ የሚጨምረውን ኢኦሲኖፊል ለብቻው አያሳይም።

ቁጥሩ ሲደገም ከ50 በታች ከወረደ፣ ክብደትዎም ካልቀነሰ፣ ሌሊትም ካልቀሰቀስዎት፣ ያኔ ሆድ ስለሚያውኩ ምግቦች፣ ስለ ሽሮና ምስር፣ ከጾም ፍቺ በኋላ ስለሚጠጣ ወተት እናወራለን።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤት ስገባ ደም አያለሁ። ኪንታሮት ነው ብለው ቅባት ሰጡኝ። ድርቀት እንጂ ተቅማጥ የለኝም። 31 ዓመቴ ነው። — ከፒያሳ

መልስ፦ ያየዎት ሰው ጓንት አድርጎ መርምሮዎታል? ይህን የምንጠይቀው ሳይታይ በወሬ ብቻ የተሰየመ ኪንታሮት ስለበዛ ነው። በጣት መመርመርና በአኖስኮፕ (ፊንጢጣን ከውስጥ በሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያለዚያ ስም መስጠት ግምት ነው።

የኪንታሮት ደም ደማቅ ቀይ ነው፤ ሰገራው ከወጣ በኋላ ይንጠባጠባል ወይም ወረቀት ላይ ይታያል፤ ከሰገራው ጋር አይዋሐድም። ከንፍጥ ጋር የተቀላቀለ ደም፣ ድንገት የሚያጣድፍ ስሜት፣ ደምና ንፍጥ ብቻውን መውጣት ግን የፊንጢጣ ግድግዳ መቆጣቱን ያመለክታል። ድርቀት መኖሩ እንዳያዘናጋዎት። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከታች ከፊንጢጣ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ገና ታች ብቻ ሳለ ከእሱ በላይ ያለው አንጀት ሰገራውን አግቶ ያደርቃል። ታማሚው ጠጣር ሰገራ፣ ከዚያ ደግሞ ለብቻው ደምና ንፍጥ ያያል። በዚህ ደረጃ ላይ መገኘት ዕድል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከታች በሚገባ መቆጣትን በሚያበርደው የሜሳላዚን እንክብል ብቻ ይበርዳል።

ፊስቱላ (በፊንጢጣ ዙሪያ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ) ተብሎ ቢላ የተነሳበትም ሰው እንዲሁ ይጠይቅ። ደጋግሞ የሚመጣ ወይም ከቀዶ ጥገና በኋላ አልድን ያለ ፊስቱላ ከሥሩ ክሮንስ ሊኖር ይችላል፤ አንጀቱ ሳይታይ እንደገና መቁረጥ ቁስሉን ያሰፋዋል፣ ሰገራ የሚቆጣጠረውን ጡንቻም ይጎዳል። ዕድሜዎ ከ45 በላይ ቢሆን ኖሮ መልሳችን በካንሰር ይጀምር ነበር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ቀኝ ጎኑን ከታች ያመዋል፤ ከስቷል። ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ ገብቶ አንጀትን የሚያሳይ ምርመራ) ተሠርቶለት የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ቁስል ተገኘ። አንዱ ሐኪም «ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ የቲቢ መድኃኒት ይጀምር» ሲል ሌላው «ክሮንስ ነው» አለ። ማንን እንመን? — ከልደታ

መልስ፦ ሁለቱም ሐኪሞች የተናገሩት በቂ ምክንያት አለው። ይህ ጥያቄ ልምድ ያላቸውን ስፔሻሊስቶች ሳይቀር የሚፈትን ነው። የአንጀት ቲቢም ክሮንስም የሚወዱት ቦታ አንድ ነው፤ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበት። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ያተኩሳሉ፣ ባዮፕሲ (ከአንጀት ተቆንጥሮ የተወሰደ ናሙና) ላይ ሁለቱም ግራኑሎማ (የተከማቹ የመቆጣት ሕዋሳት) ያሳያሉ።

የሚለያዩባቸው ነጥቦች ግን አሉ። ሌሊት በላብ መጠመቅ፣ ሆድ ውስጥ ውኃ መቋጠር፣ ደረት ራጅ ላይ የሚታይ ነገር፣ ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው መኖሩ ወደ ቲቢ ያዘነብላል። የፊንጢጣ ፊስቱላ፣ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ጋብ እያለ የሚነሳ ሕመም ወደ ክሮንስ። በኮሎኖስኮፒ ደግሞ አንጀቱን ዙሪያውን የሚቀልብ ቁስልና አፉን ከፍቶ የቀረ የመገናኛ ቫልቭ የቲቢ መልክ ነው፤ በቁመት የተዘረጋ ቁስልና በቁስሎች መካከል ጤነኛ ቦታ መዝለል የክሮንስ። አንዱ ምልክት ብቻውን አይፈርድም፤ ተደምረው ነው የሚመዘኑት። በቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ በእኛ አገር ብዙ አይረዳም፤ የተኛ ቲቢ ያለበት ሰው ብዙ ነውና።

እናንተ አሁን ማጣራት ያለባችሁ አንድ ተግባራዊ ጉዳይ አለ፦ ናሙናው በስንት ብልቃጥ ነው የተወሰደው? ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ክፍል) የሚሄደው ፎርማሊን የተባለ ማቆያ ኬሚካል ውስጥ ይገባል። ለጂንኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል ለሚፈልገው ምርመራ) እና ለቲቢ ካልቸር የሚሄደው ግን በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ለብቻው መሆን አለበት፤ ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድለዋል፣ ካልቸር ከዚያ ወዲያ አይበቅልም። ሁሉም ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከሆነ የቲቢው ጥያቄ ሳይመረመር ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ስህተት ቀላል ቢመስልም ኮሎኖስኮፒውን ሊያስደግም ይችላል። ጂንኤክስፐርት «የለም» ቢልም አይዘጋም፤ ከአንጀት ናሙና ላይ ብዙ ቲቢ ያመልጠዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልለየ፣ ቲቢ በሚበዛበት አገር የተለመደው መንገድ የቲቢ መድኃኒቱን መጀመርና መጠበቅ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። መጠበቅ ማለት ግን ስድስት ወር ዝም ብሎ መዋጥ አይደለም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ኮሎኖስኮፒው ይደገማል። ቲቢ ከሆነ ቁስሉ ድኖ ይገኛል፤ ስድስት ወሩ ይሞላል። ሕመሙ ትንሽ ቀለል ብሎ ቁስሉ እንዳለ ከተገኘ ክሮንስ ነው ወይም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው፤ ካልቸሩ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። «ተሽሎታል» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ የሚቀጥል ሕክምና ክሮንሱን ለወራት ያሳድገዋል፤ የጠበበ አንጀት ደግሞ መልሶ በመድኃኒት አይሰፋም።

በዚህ ፈተና ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) አብሮ አይሰጥም። ሁሉንም ነገር ስለሚያበርድ ማን እንዳዳነ አይታወቅም፤ ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ያስፋፋዋል። አሜባም ላይ እንደዚሁ ነው፦ በስህተት አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ተብሎ ስቴሮይድ የተሰጠው የአሜባ ታማሚ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል ያለበት ሰው በስቴሮይድ ሥር ትሉ ሰውነቱን ይወርረዋል፤ ስለዚህ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት መመርመር ወይም አስቀድሞ ማከም ተገቢ ነው። አይቢዲን ቶሎ ለመያዝ የምንጮኸውን ያህል ቸኩሎ ስም መስጠትንም የምንፈራው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ኮሎኖስኮፒ ታዝዞልኛል። ቀጠሮው ጾም ውስጥ ነው። ዝግጅቱ ከባድ ነው ይላሉ። ባለፈው ዓመት ኢንዶስኮፒ ታይቼ «ጨጓራ ብቻ ነው» ተብዬ ነበር፤ እሱ አይበቃም? — ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አይበቃም። በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፒ ጉሮሮን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መግቢያ ያያል፤ ትልቁ አንጀት ጋ ከቶ አይደርስም። «ኢንዶስኮፒ ታይቻለሁ» ብለው ዓመታት የተዘናጉ የአንጀት ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም።

ዝግጅቱ ከምርመራው ይከብዳል፤ እውነት ነው። ከሦስት ቀን በፊት ጀምረው ፍሬና ገለባ ያለውን ሁሉ ይተዉ፦ ቆሎ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ ከነፍሬው፣ ቲማቲም ከነልጣጩ፣ ባቄላና ሽምብራ። ጤፍ እንጀራም ለሁለት ቀን ይቅር፤ የጤፍ ፍሬ ከነገለባው ስለሚፈጭ ይቀራል። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ የተላጠ ድንች ይብሉ፤ ከጾሙ ሥርዓት ጋር አይጋጭም። የብረት እንክብል ከሳምንት በፊት ይቁም፤ አንጀቱን ያጠቁረዋል። በዋዜማው ከጠዋት ጀምሮ ጠጣር ምግብ የለም፤ ቀጭን ሻይ በስኳር፣ የተጠለለ የአትክልት ሾርባ፣ ውኃ፣ ጥሩ ሆኖ የተጣራ የፖም ጭማቂ። ቀይ መጠጥ አይሆንም፤ ደም ይመስላል። ውኃ ሳይጠጡ መዋልም አይቻልም፤ ይህን ለንስሐ አባትዎ ቀድመው ቢነግሩ ይሻላል።

ማጽጃው ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሆነ እንደሆነ ብዙ ጊዜ 4 ሊትር ነው። ግማሹ ከዋዜማው ማታ፣ ግማሹ ከምርመራው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በፊት ይጠጣል፤ ምርመራው ሁለት ሰዓት ሲቀረው አፍዎ ይዘጋል። አንድ ሊትሩን በአንድ ሰዓት ያህል፣ በየ15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ። ካቅለሸለሸዎ ግማሽ ሰዓት አርፈው ይቀጥሉ፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ይሻላል። የሚወጣው እንደ ቀጭን ሻይ ጠርቶ ካልታየ አልጸዳም። ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱም ከሆነ ከሳምንት በፊት ይናገሩ። ፎስፌት ያለበትን ማጽጃ ግን ለዚህ ምርመራ አንመርጠውም፤ ራሱ አንጀት ላይ ክሮንስን የሚመስሉ ጥቃቅን ቁስሎች ሊተው ይችላል። ማደንዘዣ ስለሚሰጥ የሚወስድዎ ሰው ይኑር፤ በዚያ ቀን መኪና አይንዱ።

ከመግባትዎ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ አይከፋም። ትንሹ አንጀት መጨረሻ ድረስ ይገባል? ናሙናስ ደህና ከሚመስለውም ቦታ ይወሰዳል? በጅምር ላይ ያለ ሕመም በዓይን ጤነኛ የሚመስል ግድግዳ ላይ በማይክሮስኮፕ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ለመጀመሪያ ምርመራ ደንቡ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ ከአራቱ የትልቁ አንጀት ክፍሎችና ከፊንጢጣ፣ ከእያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ናሙና፣ በየራሱ ምልክት በተጻፈበት ብልቃጥ ነው። ሁሉም አንድ ብልቃጥ ውስጥ ከተጨመረ ፓቶሎጂስቱ ሕመሙ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማወቅ አይችልም፤ ክሮንስንና አልሰራቲቭ ኮላይቲስን ከሚለዩት ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ተቅማጥ የለውም፤ ሆዱን አልፎ አልፎ ያመዋል። ግን ከክፍል ጓደኞቹ በቁመት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ምግብም አይበላልኝም። የትል መድኃኒት በየስድስት ወሩ እሰጠዋለሁ። — ከስታዲየም አካባቢ

መልስ፦ እናትዬ፣ የትል መድኃኒቱን ትተው ቁመቱን ይለኩ። በልጆች ላይ ክሮንስ ተቅማጥ ሳያመጣ በእድገት መቆም ብቻ ሊጀምር ይችላል። የክትባት ካርዱንና ከትምህርት ቤት ወይም ከጤና ጣቢያ የተመዘገበ የቆየ ቁመትና ክብደት ካለ ፈልገው ለሕፃናት ሐኪሙ ይውሰዱ። አንዴ የተለካ ቁመት ብዙ አይናገርም፤ በሁለት ልኬት መካከል ያለው ፍጥነት ነው የሚናገረው። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ካደገ ይመረመራል። ሲቢሲ፣ ኢኤስአር፣ አልቡሚንና ፌሪቲን ይሠሩ፤ ሴሊያክ የተባለው የስንዴ አለመስማማትም አብሮ ይታይ። ልጆች አያወሩትምና ፊንጢጣው አካባቢ ቁስል ወይም የቆዳ ቁራጭ እንዳለ ሐኪሙ እንዲያይ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እህቴ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ እንዳለባት ታውቆ ጥቁር አንበሳ ትከታተላለች። እኔ ምንም አያመኝም። ኮሎኖስኮፒ ልሠራ? — ከቂርቆስ

መልስ፦ ምልክት ከሌለ አያስፈልግም። የቅርብ ዘመድ መሆን ዕድሉን ከሌላው ሰው ከፍ ያደርገዋል፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ እህትና ወንድሞች አይታመሙም። ሲጋራ ካጨሱ ይተዉ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን እንደ ከረሜላ አይውሰዱ። ተቅማጥ ከሦስት አራት ሳምንት ካለፈ ወይም ደም ካዩ ግን የጎረቤት ፋርማሲን ዘልለው ይሂዱና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «እህቴ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ አለባት» ይበሉ፤ ካልተናገሩ ማንም አይጠይቅዎትም።